«አባቴ የፓርኪንጉን ሥራ አትጻፊው ይላል»

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ ነው፤ በ13 ዓመቴ ከአባቴና ከአያቴ ጋር መጥቼ አሁን 22 ሆኖኛል። በመጪው ዙር ለሕክምና ትምህርት ቤት አመለክታለሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ውጤቴ ትንሽ ወርዶ ነበር እንጂ በጠቅላላው ደህና ነው። ያስጨነቀኝ ከትምህርት ውጪ የሠራኋቸውን የምዘረዝርበት ክፍል ነው። ቦታው 15 ነው፤ እኔ ጽፌ ስቆጥራቸው 19 ሆኑብኝ።

ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ሲኤንኤ፣ ማለትም ረዳት ነርስ፣ ሆኜ ከጀመርኩ 14 ወሬ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ የ8 የ8 ሰዓት ሺፍት እሠራለሁ፣ ሰዓቱን 1,500 ብዬ ገምቻለሁ። ከዚያ በፊት ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ በሳምንት 20 ሰዓት ፓርኪንግ ካሸር ነበርኩ። አንደኛ ዓመት ላይ ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ አገልግያለሁ። ሦስት ሐኪሞች ጋር ሻዶዊንግ (ሐኪሙን ሥራ ላይ ተከትሎ ማየት) አድርጌ ሦስቱንም ለየብቻ ጻፍኳቸው። አንድ ዓመት ላብራቶሪ ሠርቻለሁ፤ ግቢያችን ውስጥ ያቀረብኩትን የምርምር ፖስተርም ለብቻው ጽፌዋለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ማስተማር ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። አያቴን በሳምንት ሁለት ቀን ለኩላሊት እጥበት አመላልሳለሁ፣ አስተረጉምላታለሁም። የዛሬ ሁለት ዓመት ከአንድ የበጎ ፈቃድ የሕክምና ቡድን ጋር ለ10 ቀን ኢትዮጵያ ሄጄ ነበር። የዲን ሊስት (የከፍተኛ ውጤት ዝርዝር) ሁለት ጊዜ፣ ከሃይስኩል የሳይንስ ውድድርና የክብር ማኅበር፣ አንድ ቀን የተሳተፍኩበት የገንዘብ ማሰባሰቢያ የእግር ጉዞ፣ ከአያቴ የተማርኩት ጥልፍም አሉ። አሥራ ዘጠነኛው የፕሪሜድ (ለሕክምና ትምህርት የሚዘጋጁ ተማሪዎች) ክለብ ነው። ስብሰባ የገባሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ጓደኛዬ ግን «ምክትል ፕሬዚዳንት ነበርኩ በዪ፣ እኔ እመሰክርልሻለሁ» ብላኛለች።

አባቴ የፓርኪንጉንና የአያቴን ነገር አውጪው ይላል። «ዶክተር ልሁን የምትል ልጅ ፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ ትላለች? የቤታችንንስ ነገር ባዳ ለምን ያነበዋል?» ነው የሚለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ የኢትዮጵያውን ጉዞ ከሁሉ አስቀድሚ ትላለች፤ እዚያ አንድ ሐኪም ስፊ ብሎኝ ቁስል ሰፍቼ ነበርና። ከማመልከቻው ጋር የሚላከውን የግል ድርሰቴን የጀመርኩት እጥበት ክፍል ከአያቴ ጎን ከተቀመጥኩበት ቀን ነው። የቱን ልተው? የቱን ላስቀድም?

ዝርዝሩ የበዛባት

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው አንድ ነገር ዓይኔ ላይ ቆመ። ደብቂው የተባልሽው በሙሉ በላብሽ የሠራሽው ነው፤ አጉልተሽ አውጪው የተባልሽው ደግሞ ወይ ያልሠራሽው ነው ወይ መሥራት ያልነበረብሽ። ከዚህ ብንነሳ የቀረው ይቀልልናል።

መጀመሪያ ከቁጥሩ ጭንቀት ላሳርፍሽ። አምካስ በተባለው የጋራ ማመልከቻ ላይ 15 ጣሪያው ነው፤ ሙዪው ያለሽ የለም። ለእያንዳንዱ ሥራ 700 ካራክተር (ፊደልና ምልክት) ይሰጥሻል፤ በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታም ይቆጠራል። ከዝርዝሩ እስከ ሦስት ድረስ ከሁሉ ይበልጥ ትርጉም ያላቸው ብለሽ መርጠሽ ለእነሱ ተጨማሪ 1,325 ካራክተር ትጽፊያለሽ። ለኦስቲዮፓቲ (ዲኦ የሚባለውን የሐኪም ዲግሪ ለሚሰጡ) ትምህርት ቤቶችም የምታመለክቺ ከሆነ የእነሱ ማመልከቻ፣ አኮማስ፣ የሚሰጥሽ 600 ካራክተር ነውና ከአምካስ ገልብጠሽ ብትለጥፊው መጨረሻው ይቆረጣል።

አሁን ያንቺን 19 እናጥፋቸው። ሦስቱ ሻዶዊንግ አንድ ይሁኑ። በአንዱ መግለጫ ውስጥ የሦስቱን ሐኪሞች የሙያ ዘርፍ፣ ከእያንዳንዳቸው ጋር ያሳለፍሽውን ሰዓትና ጊዜውን ጻፊ። ተጠሪ ሆኖ የሚመዘገበው አንድ ሰው ስለሆነ ረዘም ያለ ጊዜ ያየሽውን ሐኪም አስመዝግቢ፣ የሌሎቹን ስም መግለጫው ውስጥ አስገቢው። ፖስተሩ ወደ ላብራቶሪው ይግባ፤ የታተመ ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ የራሱ ቦታ ይገባው ነበር። ሁለቱ የዲን ሊስት አንድ ይሁኑ። የሃይስኩሎቹ ይውጡ፤ ከሃይስኩል ጀምሮ እስከ አሁን የዘለቀ ካልሆነ በቀር ቦታ መያዝ የለበትም። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ግን ዘልቋልና ከጀመርሽበት ዓመት አንስተሽ ጻፊው። የአንድ ቀኑ የእግር ጉዞም ይውጣ። ክለቡን ካወጣሽ 11 ቀረሽ፣ 11 ደግሞ በቂ ነው። አንባቢው የሚይዘው ማኅደር ብዙ ነውና ደካማው ጠንካራውን ይሸፍንብሻል። አማርኛ መቻልሽን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ እንዳታስገቢው፤ ማመልከቻው ቋንቋና የችሎታ ደረጃ የሚሞላበት የራሱ ክፍል አለው።

ስለ ክለቡ ብዙ አልልሽም። ማመልከቻውን ስትልኪ የሰጠሁት መረጃ እውነት ነው ብለሽ ታረጋግጫለሽ። ማመልከቻውን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ሐሰት የተጠረጠረበትን ነገር ይመረምራል፣ የምርመራው ሪፖርትም ለትምህርት ቤቶቹ ይደርሳል። ያም ባይሆን ጠያቂው «በአንቺ ጊዜ ክለቡ ምን ሠራ?» ሲልሽ ምን ትይዋለሽ? ጓደኛሽ የምትረዳሽ መስሏት ነው። «አመሰግናለሁ፣ ግን ያልሠራሁትን አልጽፍም» በያትና ይብቃ።

የኢትዮጵያው ጉዞ ይከብዳል። ቁስሉን ስትሰፊ 20 ዓመትሽ ነበር፣ ስፊ ያለሽም ሐኪም ነው፤ ስለዚህ ራስሽን እንድትወቅሺ አልፈልግም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ ይህንኑ ሥራ እዚህ አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ይፈቅዱልኝ ነበር? አይፈቅዱልሽም። እንግዲያው እዚያ ያለው በሽተኛስ የሠለጠነ እጅ አይገባውም? ይኸው የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ተማሪዎች ያወጣው መመሪያ አለ፤ ያልሠለጠኑበትን ሕክምና በሰው ላይ መሥራት በሽተኛውን ይጎዳል፣ ማመልከቻንም ሊጎዳ ይችላል የሚል ነው። ጓደኛሽ አንባቢው የሚደነቅ መስሏታል፣ እሱ ግን ድንበሩን ያላወቀች ልጅ ያይበታል። ጉዞውን ጻፊው፣ መሪ ግን አታድርጊው። ካርድ አውጥተሽ ከሆነ፣ የደም ግፊት ለክተሽ ከሆነ፣ መድኃኒት እንዴት እንደሚወሰድ ሐኪሙ የተናገረውን ለእናቶች አስረድተሽ ከሆነ እሱን ጻፊ። ስፌቱን እንደ ገድል አትጥቀሺው። በቃለ መጠይቅ ከመጣ ግን አትካጂ፤ ያኔ ያደረግሽውንና ዛሬ ቢሆን «አልሠለጠንኩበትም» ብለሽ እጅሽን እንደምትሰበስቢ በቀጥታ ተናገሪ። ሰዓቱን ስትሞዪም አደራ፣ 10 ቀን ነው ተብሎ 240 ሰዓት አይጻፍም። ክሊኒኩ 8 ቀን ተከፍቶ በቀን 7 ሰዓት ሠርታችሁ እንደሆነ 56 ነው።

ሰዓትን ካነሳን አይቀር የሲኤንኤውን እንቁጠረው። 14 ወር ወደ 60 ሳምንት ነው። ለፈተናና ለዕረፍት የቀረሽበትን 6 ሳምንት ብንል 54 ይቀራል፤ በ16 ሰዓት ስታባዢው 864። አንቺ 1,500 ብለሻል። ማታለል እንዳላሰብሽ ይገባኛል፣ በግምት የሚጻፍ ሰዓት ሁልጊዜ ያብጣል። የደመወዝ ወረቀቶችሽን አውጥተሽ ትክክለኛውን ደምሪ፤ የተሠራ ሰዓት እዚያው ላይ ተጽፏል። ከዚህ በኋላ የምትሠሪው ደግሞ ሌላ ሳጥን አለው። ማመልከቻው የተጠናቀቀውንና ወደፊት ይሠራል ተብሎ የሚጠበቀውን ለየብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ሁለቱን አትቀላቅዪ። 864 ሰዓት ሰው አጥቦ፣ አልብሶ፣ ከጎን ወደ ጎን አገላብጦ ማለት እኮ ትልቅ ነገር ነው፤ ማሳበጥ አያስፈልገውም።

ወደ ፓርኪንጉ ልምጣ። አባትሽ የሚሰማቸው ይገባኛል። ልጃቸው ዳስ ውስጥ ቁጭ ብላ ገንዘብ ስትቀበል ያመሸችበትን ጊዜ ምናልባት እሳቸው ራሳቸው የሚያዝኑበት ይሆናል። «አትጻፊው» ሲሉ «እንዲያ ባላደረግሽ ኖሮ» ማለታቸው ይሆን? ከክርክሩ በፊት ይህን ጠይቂያቸው። ከዚያ ቁጥሩን አሳዪያቸው፦ ከሁለቱ ዓመታት የቀረሽበትን ቀንሰሽ 90 ሳምንት ብትሠሪ በ20 ሰዓት 1,800 ነው። ከዝርዝርሽ ምናልባት ትልቁ ሰዓት ይኸው ነው። ብታወጪው ገምጋሚው የሚያየው ሁለተኛ ዓመት ላይ ውጤቷ የወረደባትንና በዚያ ጊዜ ምን ትሠራ እንደነበር የማይታወቅ ተማሪ ነው። ስትጽፊው ግን ከውጤትሽ ጎን በሳምንት 20 ሰዓት ተቀምጦ ያነባል፤ ማሳበቢያ ሳትጽፊ ነገሩ ራሱ ይናገርልሻል። የቅበላ ኮሚቴዎች ቤተሰብ ለመርዳት የተሠራን ተራ ሥራ አይንቁም።

አጻጻፉ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። «በትጋት ሠርቻለሁ፤ የጊዜ አጠቃቀምና የቡድን ሥራ ተምሬያለሁ» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ማንም ስለምንም ሊጽፈው ይችላል። ይልቅ እንዲህ ዓይነት ነገር ጻፊ፣ ዝርዝሩን በራስሽ እውነት ተክተሽ፦ «በሳምንት አራት ምሽት፣ አምስት አምስት ሰዓት። ሺፍቱ ሲያልቅ በሳጥኑ ያለውን ገንዘብ ቆጥሬ ከትኬቶቹ ጋር አስታርቄ አስረክብ ነበር። ትኬት የጠፋበት ሰው የሙሉ ቀን ሲጠየቅ ይቆጣል፤ ደንቡን መለወጥ አልችልም፣ ግን ቁጣውን ሰምቼ ለማን አቤት እንደሚል አሳየው ነበር። ከደመወዜ የቤት ኪራይ አግዝ ነበር።» የተቆጣን ሰው መስማት በየቀኑ የሐኪም ሥራ ነው፤ ያንን አንባቢው ራሱ ያገናኘዋል፣ አንቺ «ይህም ለሕክምና አዘጋጀኝ» ማለት የለብሽም። የቤተሰባችሁን ችግር ሰፋ አድርጎ ማስረዳት ካስፈለገሽ ደግሞ «ሌላ ተጽዕኖ ያሳደሩ ገጠመኞች» የሚል ለብቻው የ1,325 ካራክተር ቦታ አለ። ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን ሁሉንም 700 ውስጥ ከመጠቅጠቅ ይሻላል።

ስለ አያትሽ አባትሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ሕመሙ የአያትሽ ነው፣ ገመናውም የእሳቸው። ስለዚህ መጀመሪያ እሳቸውን ጠይቂያቸው፣ ምን እንደምትጽፊ በአማርኛ አንብቢላቸው። የግል ድርሰትሽም ከእሳቸው ስለሚጀምር ፈቃዳቸው ለሁለቱም ያስፈልግሻል። እሺ ካሉ «ሌላ» በሚለው ዘርፍ የቤተሰብ እንክብካቤ ብለሽ አስገቢው። ካልወደዱ የበሽታውን ስም ሳታነሺ «ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት የቤተሰብ አባል» ብትይ ይበቃል፣ የድርሰቱም መግቢያ ይለወጣል። ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ ራስሽን የሕክምና አስተርጓሚ አትበዪ፤ እሱ ሥልጠና ያለው ሙያ ነው። «ሠልጣኝ አስተርጓሚ ባልነበረ ጊዜ ለአያቴ ሐኪሟ የሚለውን በአማርኛ እነግራት ነበር» ብትይ እውነትም ነው፣ ደስ የሚልም። ሁለተኛ ሰዓቱን ስትቆጥሪ እጥበቱ በሚካሄድበት ጊዜ ደብተር ከፍተሽ ያጠናሽበትን ተዪው፤ የማመላለሱን፣ ከነርሷ የመነጋገሩን፣ ፈሳሽና ጨው የመቆጣጠሩን ቁጠሪ።

እንግዲህ ይበልጥ ትርጉም ያላቸውን ሦስቱን ምረጪ ብትዪኝ፣ አያትሽ ድርሰትሽን ስለያዙት እዚህ በ700ው ይቆዩና ሲኤንኤውን፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱንና ፓርኪንጉን አደርግ ነበር። ፓርኪንጉ ሦስተኛ መሆኑ ያስገርምሽ ይሆናል። ላብራቶሪው ይሻላል የሚልሽም ይኖራል፣ በተለይ ምርምር ላይ ለሚያተኩሩ ትምህርት ቤቶች የምታመለክቺ ከሆነ ክርክሩ ውኃ ያነሳል። እኔ የማየው ግን ስለየትኛው አሥር ደቂቃ ያለማቋረጥ ማውራት እንደምትችዪ ነው። ስለ ላብራቶሪው በደብዳቤሽ ግማሽ መስመር ብቻ ነው የጻፍሽው። እስቲ ጮክ ብለሽ ሞክሪው፦ ጥያቄው ምን ነበር? አንቺ በእጅሽ የሠራሽው የቱን ነው? ምን አልሳካ አለ? እያወራሽ ፊትሽ ከበራ ፓርኪንጉን በእሱ ተኪው፣ አልቀየምሽም።

ለሦስቱ የሚሰጥሽ ተጨማሪው 1,325 ካራክተር የሥራ ዝርዝር መድገሚያ እንዳይሆን። ለምሳሌ ለሲኤንኤው በ700ው ላይ ስንት አረጋውያን ትይዢ እንደነበርና ምን ምን እንደምትሠሪ ጽፈሻል፤ እዚህ ላይ አንድ ቀን ብቻ ምረጪ። የመርሳት ሕመም ያለባት ሴት አልታጠብም ብላ ስትገፋሽ ምን አደረግሽ? ውኃውን መጀመሪያ በእጇ አስነካሻት? ተመልሰሽ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጣሽ? በዚያ ምክንያት በሚቀጥለው ሳምንት ምን ለወጥሽ? ይህ ነው የሚነበበው። የበሽተኛ ስም፣ የክፍል ቁጥር፣ ትክክለኛ ዕድሜ ወይም ማንነቱን የሚጠቁም ነገር ግን በፍጹም አይገባም፤ ሰውየውን የሚያውቅ ሰው ቢያነበው ማን እንደሆነ መለየት የለበትም።

ሰንበት ትምህርት ቤቱን ስትጽፊ እምነትሽን አትደብቂ፣ አትስበኪም። ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ምንም የማያውቅ ሰው እንዲገባው አድርጊው፦ ስንት ልጆች፣ ዕድሜያቸው ስንት፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ እዚህ ተወልደው አማርኛ ለማይሰሙት ትምህርቱን እንዴት አቀረብሽላቸው። ዘርፉ ማስተማር ነው። ጥልፉንም አትተዪው፤ እጅሽ ምን ያህል ታጋሽ እንደሆነ ያሳያል፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ላብራቶሪ የሰማ ጠያቂም ደስ ብሎት ይጠይቅሻል።

ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በሜይ መጀመሪያ ይከፈታል፤ መላክ የሚቻለው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። እስከዚያው የመጀመሪያውን ሳምንት ለቀንና ለሰዓት ብቻ ስጪው፣ ምንም መግለጫ ሳትጽፊ። ተቋርጦ የቀጠለ ሥራ ካለሽ ለአንዱ እስከ አራት የጊዜ ክልል መሙላት ይቻላል። ከዚያ በቀን ሁለት ሁለት መግለጫ ጻፊ፣ ያለ ምንም ጌጥ፤ የደመቀ ጽሑፍና የነጥብ ዝርዝር ማመልከቻው ላይ ስትለጥፊው ይጠፋል። አሳጥሪ ሲልሽ የምትቆርጪው ቅጽሉን ይሁን እንጂ ቁጥሩን አይሁን። ያንቺን ሥራ የማያውቅ ሰው ያንብበውና ያልገባውን ምህጻረ ቃል ሁሉ ይጠቁምሽ። ከመላክሽ በፊት በወረቀት አትመሽ በእርሳስ ተመልከቺው፣ ከላክሽ በኋላ ሥራዎቹን መጨመርም ማረምም አይቻልምና።

ለእያንዳንዱ የሚደወልለት ሰው ስምና ስልክ ወይም ኢሜይል ያስፈልጋል። የፓርኪንጉ አለቃሽ ለቅቆ ከሆነ የድርጅቱን የሰው ኃይል ክፍል አስገቢ። ለጥልፉ ራስሽን መጻፍ ትችያለሽ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ግን ከስድስት ዓመት በፊት መቼ እንደጀመርሽ ላያስታውስ ይችላል። ዛሬውኑ ደውዪለትና ወሩን ተስማሙ፣ ስልኩንም በእንግሊዝኛ ለመመለስ የሚመቸው እሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው ብለሽ ጠይቂው።